ላሟ ከታሰረችበት ቦታ የበቀለ ጎመን

እኔ ሥጋ ቆራጭ ነበርኩ። ቡራዩ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ አንድ ሉካንዳ ቤት ውስጥ ዕድሜዬን በቢላዋ ጨርሻለሁ። ሽንጥን ከዳቢት ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ዳብሼ እለያለሁ። ፊደልን የለየሁት ግን ከሸበትኩ በኋላ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢጎረብጥ የተማረ ሰው ይታገሰኝ፤ ካልታገሰም ይተወው።

ዛሬ ቤቴ ሥጋ አይገባም። ቅቤም ወተትም አይገባም። የምበላው ከጓሮዬ የወጣውን፣ ያውም በወቅቱ የደረሰውን ነው። ሰሞኑን ከተማ ውስጥ እንዲህ መብላት ሥልጣኔ ሆኗል አሉ፤ ለጤና ነው እያሉ ብዙ የሚከፍሉበትም አሉ። ባለፈው አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ «ፋዘር፣ እርስዎማ ቪጋን ሆኑ እኮ» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ አስረዳኝና ሳቅሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? እኛ ቤት ይህ ነገር በየት በር እንደገባ እሱ አያውቅም።

አንዲት ልጅ ነበረችን። ትምህርቱ ሳይሆንላት ሲቀር ሰበታ ሄዳ የአበባ እርሻ ተቀጠረች። እዚያው ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ነበር። ስትመጣ ልብሷ የሚረጨውን መድኃኒት ይሸታል። የእጇ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ነበር። እናቷ እጇን ይዛ ቅባት ትቀባታለች። እኔ ግን እናገር ነበር፦ «አበባው ለፈረንጅ፣ ሽታው ለእኛ» እላለሁ። ልጄ ትስቃለች። ከዚያ አንድ ቀን መሳቁን ተወችና ደላላ አገኘች። ዓረብ አገር ልትሄድ ነው።

የሄደችው በፍልሰታ ጾም ነው። ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን እናቷ ሽሮ ሠርታ አቀረበች። ልጅቷ ቁራሽ ይዛ እያየችው፣

«እማዬ፣ ዶሮሽን ሳልበላ ልሂድ?» አለች።

«ጾም ነው ልጄ። ስትመጪ እሠራልሻለሁ።»

ይኸው ነው። ሌላ ነገር አልተባለም። እኔ ያን ጊዜ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሚስቴ ግን ያቺን ቃል ይዛት ቀረች። ጾሙ ሲፈታ እንደ ልማዴ ከሉካንዳው ጥሩ ጎድን በፌስታል ይዤ ገባሁ። ጠበሰችልኝ፣ አቀረበችልኝ፤ እሷ ግን እጇን ሰብስባ ተቀመጠች።

«ምነው?»

«ልጄን በሽሮ ሸኘኋት። ጾሙን ከእኔ ጋር ይዛ ከእኔ ጋር ሳትፈታ ሄደች። እሷ መጥታ አብረን እስክንፈታ እኔ አልፈታም። ተስያለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እዚያ አገር ፍልሰታ የለም። እሷ እስካሁን ግመል በልታለች።»

«ብትበላም ሳትወድ ነው» አለች።

የንስሐ አባታችን ሲሰሙ ተቆጡ። በበዓለ ሃምሳ መጾም እንኳ ክልክል መሆኑን ነገሯት። ሚስቴ መልስ አታጣም፦ «አባ፣ እኔ አልጾምኩም። በጠዋት እበላለሁ፣ በቀን እበላለሁ። ሥጋና ቅቤ ብቻ ነው የተውኩት። ጥሉላት አልበላም ያለ ሰው ይቀጣል እንዴ?» ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሟት። በኋላ እኔን ለብቻዬ፣ «ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ ልጅቷ ትመጣለች» አሉኝ። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ሚስቴ ሱሉልታ ካለው ወንድሟ ዘንድ ሄደችና አንድ ጠቦት ገዝታ መጣች። አስቀጠቀጠችውና ከጓሮ አሰረችው። «ይህ የእሷ ነው። ስትመጣ ይታረዳል» አለች። በዕድሜዬ ስንት በግ እንዳረድኩ አላውቅም፤ በሰው ስም የተጻፈ በግ ግን ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው።

መጀመሪያ የተለየው ድስት ነው። የእኔ ሥጋ በአንድ ድስት፣ የእሷ በሌላ። ከዚያ የእኔ ድስት ወደ ደጅ ወጣ። ከዚያ ጠፋ፤ ለጎረቤት ሰጥታው ኖሯል። «ከፈለግህ ሱቅህ ብላ፤ ቤቴን አታሽትብኝ» አለችኝ። እኔም ሱቄ በላሁ። ማታ ስመጣ በሩ ላይ ውሃና ኦሞ ይጠብቀኛል። እንደ ወንጀለኛ ከደጅ ታጥቤ ነበር የምገባው።

ቀጥሎ ላሟ ሄደች። ከድንጋዩ ካብ ሥር ዓመታት የታሰረች አንዲት ላም ነበረችን። «ለማን ልለባት?» አለችና ወንድሟን ከሱሉልታ ጠራችው። ሰውየው እውነት አልመሰለውም። በኦሮምኛም በአማርኛም ተከራከራት።

«እህቴ፣ የምትታለብ ላም ሰጥቶ የድንች ዘር መቀበል የት አገር ነው የታየው?»

«እዚህ ቡራዩ። ውሰዳት።»

ወሰዳት። በሳምንቱ የድንች ዘር፣ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ጨርቅ የአበሻ ጎመን ዘር ላከ። ሚስቴ ላሟ ከታሰረችበት ቦታ ጀምራ ቆፈረች። ያ መሬት ስንት ዓመት ፍግና ሽንት የጠጣ ነው፤ አካፋው ሲገባበት እንደ ቅቤ ነበር የሚከፈተው። በመጀመሪያው ክረምት ጎመኑ ደረቴ ድረስ መጣ። ግንዱ የሕፃን ክንድ ያህል ነበር። ሰው ከመንገድ ቆሞ በአጥሩ ላይ ያየው ነበር።

ከዚያ በኋላ የገበያ አትክልት ተከለከለ። ቲማቲሙ፣ ቃሪያው፣ ሰላጣው ሁሉ። እኔ «ለምን? ይህም እኮ ጾም ነው» አልኳት።

«ምን እንደሚረጩበት በምን አውቃለሁ? የልጄን እጅ የላጠ ነገር ሆዴ አላስገባም።»

እሷ የምታስበው ሁሉ መጨረሻው እዚያች ልጅ ጋ ነው። ጎመኑን ስትኮተኩት ከልጅቷ ጋር ታወራለች፤ በጉን ስትመግብ ከልጅቷ ጋር ታወራለች። የጎመኑን የታች ቅጠል ለበጉ፣ የመሃሉን ለእኛ፣ አናቱን እንዲያቆጠቁጥ ትተወዋለች።

እንዲህ እያልን ቤታችን በወቅት መብላት ጀመረ። በሐምሌና በነሐሴ ጎመን ነው፤ ጎመን፣ አሁንም ጎመን። መስከረም ሲጠባ ዱባውና እሸት ባቄላው ይደርሳል። ጥቅምትና ኅዳር ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር። በጋው ሲከር ጓሮው ይደርቅና ሽሮ፣ ተልባ፣ ስልጆ እንበላለን። የሚከብደው ሰኔ ነው። አዲሱ ገና አልደረሰም፣ አሮጌው አልቋል። ያን ጊዜ ከአጥሩ ሥር የበቀለውን ሳማ ትለቅማለች። እንዳይለበልባት እጇ ላይ ፌስታል ታጠልቃለች። መጀመሪያ ያቀረበችልኝ ቀን፣

«አሁን ደግሞ እንደ ፍየል ልታግጪኝ ነው?» አልኳት።

«ፍየል ብትሆንማ ዝም ብለህ በበላህ።»

ሳማው እውነቱን ለመናገር ይጣፍጥ ነበር። ግን አልነገርኳትም።

እኔ ራሴ ሥጋ የተውኩት በእምነት አይደለም። ሱቅ ጥብሴን በልቼ ጠግቤ ነበር የምገባው። እሷ ሳህኑን ታቀርባለች፤ እኔ «በልቻለሁ» እላታለሁ፤ እሷ ሳህኑን ታነሣለች። ይህ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። አንድ ቀን ጎረቤት ሴት «ሚስትህን ምን አስከሳት? ራት አትበላም እንዴ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ ሚስቴ ብቻዋን ራት በልታ አታውቅም። ልጅቷ ነበረች፤ ልጅቷ ሄደች። እኔ ነበርኩ፤ እኔ ጠግቤ እገባለሁ። በማግስቱ ሳልበላ ገባሁ። ሳህኑን አቀረበች፣ ተቀመጥኩ፣ አብረን በላን። ጉርሻ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ሱቅ መብላቱን ተውኩት።

ሉካንዳው ውስጥ ግን መሳቂያ ሆንኩ። ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉን፤ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርጥ ለመብላት ሲመጡ ገና ከበሩ ላይ ይጮኻሉ፦

«አካም ጂርታ፣ አባ ራፉ?»

እንዴት ነህ ማለታቸው ነው፤ በኦሮምኛ ራፉ ማለት ጎመን ነው። የጎመን አባት። ሥጋ ቆራጭ ሆኜ የጎመን አባት ተባልኩ፤ ስሙም ቀረብኝ። ይባስ ብሎ ደንበኛው መጠርጠር ጀመረ። «ቆራጩ ራሱ የማይበላውን እኛን ያበላናል፤ ምን አይቶ ነው?» ይላሉ። የሱቁ ጌታ ጨነቀውና «ደንበኛ ፊት አንዲት ቁራጭ ቅመስ፤ ምን አለበት?» ብሎ ለመነኝ። «ቤቴ ራቴን የምትጠብቅ ሴት አለች» አልኩት። አልገባውም። እኔም አላስረዳሁትም። ብዙም ሳይቆይ መንገድ ሲሰፋ ሱቁ ፈረሰ፤ ክርክራችንም አብሮ ፈረሰ። ቢላዋዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ጓሮዬ ገባሁ።

ስለ ልጅቷ ልናገር። ስልኳን ማዳሟ ትቀማታለች። ስታገኝ ድምፅ እንዳይሰማባት በጽሑፍ ትልካለች። እኔም እናቷም ማንበብ አንችልም። ከሰፈራችን ባለ ሱቅ የሆነ ልጅ ያነብልን ነበር። ልጁ ደግ ነው፤ ደግነቱ ነው ያስመረረኝ። ረጅሙን ጽሑፍ ያይና ያይና «ደህና ነኝ ብላለች» ይለናል።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ሁለት ቃል ለመጻፍ ያን ያህል ፊደል አይፈጅም፤ መሃይም ብሆንም ዓይን አለኝ። ልጁ የሚዘለውን ለማወቅ ስል ነው የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት። ጉልበቴ የሕፃናት አግዳሚ ሥር አልገባ እያለኝ፣ ሀ ሁ እያልኩ። ማንበብ ስጀምር ያ ልጅ ለምን ይዘል እንደነበር አወቅሁ። «አባባ ደክሞኛል» ይላል። «በደረጃው ሥር ነው የምተኛው» ይላል። አንዱ ደግሞ «እማዬ ዶሮ ሠርታ ይሆን? ዛሬ ሽታው ትዝ አለኝ» ይላል። ይህንን ለእናቷ አነበብኩላት። ከዚያ በኋላ እኔም መዝለል ጀመርኩ።

መልሱን የምታጽፈኝ እናቷ ናት። «ሁሉም ደህና ነው በል። እየበላን እየጠጣን ነው በል። ላሟ ወለደች በል።» ስእለቱን እንድነግራት አትፈቅድም። «ከሰማች ይከብዳታል። ሸክም አላት፤ የእኔን አትጨምርባት።» ጻፍኩ። ላሟ በጽሑፍ ሁለት ጊዜ ወለደች።

ሁለት ዓመቱ አለፈ። ማዳሟ ፓስፖርቷን ያዘችባት። በኋላ ከዚያ ቤት ጠፍታ ሌላ ቤት ገባች፤ ወረቀት የላትምና መመለስ አልቻለችም። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት። ጠቦቱ ሙክት ሆነ፤ ሙክቱ ሰባ፤ ከዚያ ስቡ ያልፍ ጀመር። እኔ የበግ ዕድሜ አውቃለሁ። «አሁን ካልታረደ ሥጋው ይጠናል፤ እንሽጠውና ሌላ እንግዛ» አልኳት።

«የእሷ ነው። የልጄን ነገር እንደ ልብስ አልቀይርም።»

ስድስተኛው ዓመት ላይ ሚስቴ እንደገና መክሳት ጀመረች። ቤታችን ደረጃ የለውም እንጂ ደረጃ ብትወጣ ትወድቅ ነበር፤ ከጎመኑ እስከ በሩ ስትመጣ ግድግዳ ትይዛለች። ጤና ጣቢያው ደም አንሷታል፣ ጉበት ትብላ፣ እንቁላል ትብላ አለ። ጉበት ለማን ነው የሚነገረው? ከዱሮ ጓደኞቼ ምርጡን አምጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስታርድ ኖረህ አሁን ደግሞ የእኔን ቃል ልታርድ መጣህ?»

«ልጅሽ ስትመጣ ሬሳ ልታገኝ ነው?»

«ሬሳም ታግኝ። ቃሌን በልቼው ግን አታገኘኝም።»

ጉበቱን ለጎረቤት ሰጠሁት። በኋላ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድናት፤ የውስጥ በሽታ ነው፣ ቆይቷል አሉን። ሐኪሙን ለብቻው ይዤ «ሥጋ ብትበላ ኖሮስ?» አልኩት። «ይህ ከምግብ የመጣ አይደለም» አለኝ። ግማሹን አምኜዋለሁ። ግማሹን እስከ ዛሬ እያኘክሁት ነው።

ሐምሌ ላይ፣ ጭቃው አላስወጣ አላስገባ ሲል ሞተች። ከመሞቷ በፊት እጄን ይዛ፣ «ስትመጣ በጉን እረዱላት። ከእናንተ ጋር ትብላ። አንተም ብላ፣ በእኔ ስም። ያን ጊዜ ጾሜ ይፈታል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ተዝካሯ ፍልሰታ ውስጥ ዋለ። የሥጋ ቆራጭ ሚስት ተዝካር በጎመንና በድንች ሆነ፤ ያውም ራሷ በተከለችው። እድርተኛው ጾሙን እየረገመ በላ።

እኔና ኦቦ በሐሳብ የተለያየነው መርዶው ላይ ነው። እኔ ለልጅቷ ልጽፍላት ነበር። ኦቦ መጥተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«ሰው አገር፣ ለብቻዋ ላለች ልጅ መርዶ አይነገርም። ስትወድቅ ማን ይይዛታል? ማን ውሃ ያጠጣታል? ማንስ አብሯት ያለቅሳል?»

«ኦቦ፣ እኔ እውነት ፊት ለፊት መናገር እንጂ ሌላ አላውቅም። ፍየል በግ ነው ብዬ ሸጬ አላውቅም።»

«እውነትም ጊዜ አለው። አንተ ወቅቱ ካልደረሰ አልበላም የምትለው ሰውዬ፣ ይህ ይጠፋሃል? ትምጣ። እህል ትቅመስ። አንድ ቀን እንቅልፍ ትተኛ። ከዚያ ንጋት ላይ ሰው ተሰብስቦ ይነግራታል። ሥርዓቱ ይህ ነው።»

የሚስቴ ወንድምም እንደዚያው አለ። ቄሱም። አገር ሁሉ አንድ ሆኖ ሲፈርድብህ ብቻህን ምን ትላለህ? ስልኩን መልሼ ተቀበልኩና ጻፍኩ፦ «እናትሽ ጠበል ገብታለች። እዚያ ስልክ አይፈቀድም። ሰላም ብላሻለች።» ፊደል የተማርኩት ለካ ለዚህ ነው።

መስከረም አልቆ ልጅቷ ጻፈች። የመመለሻ ወረቀት አግኝታለች፤ ትመጣለች። ለስድስት ዓመት የጠበቅነው ቃል መጣና እጄ ላይ ተቀመጠ፤ የማሳየው ሰው አልነበረም።

የመጣችው በጥቅምት፣ በሐሙስ ቀን ነው፤ የፍስክ ቀን። የሚስቴ ወንድም ከሱሉልታ ሌሊት ተነሥቶ መጣ። እኔ ቢላዋዬን ከጨርቁ ፈታሁት። በጉ ሲያየኝ ተነሣ። ለስድስት ዓመት ጎመን ይዤለት የምመጣ ሰው ነኝ፤ ቢላዋውን አላየም፣ ግራ እጄን ነው ያየው። አንድ ቅጠል ቆረጥኩለት። እየበላ ተከተለኝ። ጥርሱን ሳይ አልቋል። እጄ ሥራውን አልረሳም፤ ረስቶ ቢሆን በወደድኩ። ጎረቤት ሴቶች አዲስ ድስትና ቅቤ ይዘው መጡ። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። እኔ ከደጅ ታጥቤ ገባሁ፤ በሩ ላይ ውሃውን ያስቀመጥኩት ግን ራሴ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ደረሰች። የሸኘኋት ልጅ አይደለችም፤ ትከሻዋ የሰፋ፣ ድምፅዋ የጎረነነ ትልቅ ሴት ናት። አቅፋኝ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች።

«እማዬስ?»

«ጠበል» አሉ ኦቦ፣ እኔን ቀድመው። «ነገ ሰው ይላክባታል።»

ሻንጣዋን ከፈተች። ለሁሉም አመጣች። ከሁሉ ደግሞ አንድ ጫማ ለብቻው አወጣች፤ ለስላሳ፣ ሶሉ ወፍራም። «ይሄ የእማዬ ነው። እግሯን ያማት የለ? ማንም እንዳይነካው።» ማንም አልነካውም። ሁሉም ወደ ሌላ አየ። እሷ ወደ ጓሮ ወጣች።

«አባባ፣ ላሟስ? ልጆቿስ?»

«ሱሉልታ ናቸው።»

«ይሄ ሁሉ ጎመን ምንድን ነው? አትክልት ተራ ልትከፍቱ ነው እንዴ?»

አጎቷ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

ቀረበ። ከበን ተቀመጥን። ልጅቷ ጎረሰች፣ አኘከች፣ እንደገና አኘከች።

«አባባ፣ ሥጋው ጠና እኮ። አንተ ሥጋ ቆራጭ ሆነህ እንዲህ ያለ ሥጋ ታበላኛለህ?»

«በጉ አርጅቶ ነው።»

«ለምን አስረጃችሁት?»

«አንቺን ሲጠብቅ ነዋ» አሉ ኦቦ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። እኔ እጄን ወደ ሳህኑ አልሰደድኩም ነበር። አየችኝ። ትልቅ አድርጋ ጠቀለለችና «አልበላህም እኮ፤ በል እንጂ» ብላ ወደ አፌ አመጣችው። አጎራረሷ የእናቷ ነው፤ በሦስት ጣት፣ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አድርጋ። አፌን ከፈትኩ።

ለረጅም ጊዜ አኘክሁት። የማውቀው ጣዕም ነው። ግን ጣዕሙ የእኔ አይደለም፤ አንድ የማውቀው ሰው የነገረኝ ይመስል ነበር። ዋጥኩት። የሚስቴ ጾም በዚያች ሰዓት ተፈታ። የፈታችው ልጅ ግን ምን እንደፈታች አላወቀችም፤ «ሌላ ልድገምህ?» ትላለች።

ንጋት ላይ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ። ከአልጋዋ ተነሥታ አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ኦቦ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባት። የሆነውን አልጽፈውም። ልቅሶ ያየ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሲቀንስ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

«እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔን ሥጋ አበላችሁኝ።»

«እሷ ናት ያዘዘችው።»

«ለምን አልጻፍክልኝም? ፊደል ተምረህ የለ?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ሽሮውን፣ ስእለቱን፣ ድስቱን፣ ላሟን፣ በጉን። አንዱንም አልዘለልኩም። ሰማች፣ ሰማችና፣

«ማን ጹሙልኝ አላችሁ?» አለች። «እኔ እዚያ የሰው ትራፊ ሥጋ ነበር የምበላው። በጾምም በፍስክም። ሌላ አልነበረም አባባ። በየቀኑ በልቻለሁ።»

«ታውቅ ነበር።»

«ምን ትል ነበር?»

«ብትበላም ሳትወድ ነው ትል ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እንደ ልቅሶ ቤት አይደለም፤ ድምፅ ሳይሰማባት ማልቀስ የለመደ ሰው እንደሚያለቅስ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ጓሮ ነበረች። ለእናቷ ያመጣችውን ጫማ አድርጋ ጭቃው ውስጥ ቆማለች። ጎመኑን ከአናቱ ትቆርጠዋለች። «ከታች ከታች ነው የሚቀነጠሰው፤ አናቱ ይተዋል» አልኳት። ከታች ከታች ቀነጠሰች። በዘይት ሠርታ አቀረበች። ቅቤው ያለበትን ድስት ያመጡት ሴቶች ይውሰዱት አለች። ጉርሻ አልነበረም። በየፊታችን በላን።

ከጥምቀት በኋላ ሄደች። ወደ ሌላ አገር ነው፤ አሁን ወረቀት አላት፣ ይሻላል ትላለች። እዚህ ምን አላት? ሰበታ ያለው አበባ ቤት አሁንም ሰው ይፈልጋል፤ ግን እጇን አይቼ እኔም ቅሪ አላልኳትም። በሩ ላይ ሻንጣዋን ይዛ፣

«አባባ፣ እንደ እማዬ እንዳትሳል» አለችኝ።

«አልሳልም።»

«ማልልኝ።»

«መማልም መሳል ነው» አልኳት። ትንሽ ፈገግ አለች። እስከ ዛሬ የማስባት እንደዚያ ሆና ነው።

አልተሳልኩም። ቃሌን ጠብቄያለሁ። በፋሲካ ማግስት ኦቦ ጥብስ ልከውልኝ መልሼ ላክሁት። ማታ በምርኩዛቸው መጡ።

«ደግሞ ለማን ተሳልክ፣ አባ ራፉ?»

«ለማንም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

በእጄ ወደ ጓሮው አሳየኋቸው። ቡና ሳይጠጡ ተቀምጠው ጎመኑን ሲያዩ ቆዩና ሄዱ። ልጅቷ በየእሑዱ ትደውላለች፤ አሁን በድምፅ ነው። ምን በላህ ትለኛለች። ያለውን እነግራታለሁ። የሌለውን አልነግራትም፤ ላሟ አትወልድም አሁን።

ሰኔ ሲገባ ሳማው ከአጥሩ ሥር ወጣ። እጄ ላይ ፌስታል አጥልቄ ለቀምኩት። ለአንድ ሰው ስንት እንደሚበቃ ገና አላወቅሁም። ሁልጊዜ ይተርፋል።